ከታክሲዋ ሥር ያለው ቀለም

ሾፌሮች ስም ማውጣት ይችሉበታል። በመኪና ምርመራ ጣቢያው የምትሠራውን ወጣት መሐንዲስ «ወይዘሪት መዶሻ» ብለው ከሰየሟት ቆይተዋል። ስሙ የወጣላት ከእጇ ከማይለየው ትንሽ መዶሻ የተነሳ ነው። ከመኪና ሥር ያለው የምርመራ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፣ ከላይ የቆመውን መኪና ሻንሲ እየተከተለች ቀስ ብላ ታንኳኳለች፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ጤነኛ ብረት ሲነኩት ይጮኻል፤ ዝገት የበላው ግን እንደ ካርቶን ዝም ይላል። ሾፌሮቹ ከላይ ሆነው ያንን ድምፅ ሲጠብቁ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ፊታቸው ይገረጣል። ያለፈው «እጅሽ ይባረክ» ይላታል፣ የወደቀው «የእንጀራ እናት» ይላታል። እሷም ሁለቱንም ለምዳዋለች።

ያን ሐሙስ ጠዋት ግን መዶሻው ከበዳት። በር ላይ ከተሰለፉት መኪኖች አንዷ የምትወደው ሰው አባት ታክሲ ነበረች።

ባለታክሲው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚያች መኪና ነው። ሚስታቸውን ሙሽራ አድርገው ያመጡት በእሷ፣ ሲታመሙም ሆስፒታል ያደረሱት በእሷ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሞልቶ ከዜሮ መቁጠር ከጀመረ ብዙ ጊዜው ነው። «ዳግም ተወልዳለች» እያሉ ይቀልዳሉ። ቀለም ቀቢው ልጃቸው ግን በዚህ ቀልድ መሳቅ ካቆመ ቆየ። ዓመቱን ሙሉ «አባዬ፣ ደክማለች፤ እንለውጣት» ሲል፣ እሳቸው ደግሞ «እኔም ደክሜያለሁ፤ እኔንም ለውጠኝ» ሲሉ ከረሙ። በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡና «እሺ» አሉ።

«ያቺ የምትላት ልጅ ትያት። ደህና ናት ካለች እስክሞት ከእጄ አትወጣም፤ የለውጥ ወሬም በዚህ ቤት አይነሳ። አበቃላት ካለች እሰማለሁ።» ማንኪያቸውን መልሰው እያነሱ ጨመሩበት። «ከዚያ እሁድ ቤት ትምጣ። እንያት።»

መርማሪዋን እንቅልፍ የነሳት ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። የባለታክሲውን የልብ ወዳጅ መኪና የጣለችው እሷ ነበረች፤ ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ቤት ውሏል። ሽማግሌውም «የጓደኛዬን ጉሮሮ የዘጋች በእኔ ደጃፍ አታልፍም» ብለው ምለው ነበር። ሁለቱ ፍቅረኞች እስካሁን የተገናኙት እንደ ሌባ በየጥጋጥጉ ነው። አሁን በሩ ገርበብ ብሏል። ገርበብ ያለውን በር የምትዘጋውም የምትከፍተውም እሷው ራሷ ልትሆን ነው።

አለቃዋን ታክሲዋን ለሌላ መርማሪ ስጥልኝ ብላ ለምናው ነበር። አለቃዋም ነገሩ ገብቶት ሽማግሌውን ጠየቃቸው። «ሌላ ሰው ከነካት ይዣት እሄዳለሁ» አሉ። «እንግዲያው ሥሪ፤ እኔም አብሬሽ አያለሁ» አላት አለቃዋ።

ከምትወደው ከቀለም ቀቢው ጋር የተዋወቀችውም እዚሁ ጉድጓድ አፍ ላይ ነበር። የጣቢያውን ግድግዳ ሊቀባ መጥቶ መሰላል ላይ ቆሞ ሳለ እሷ አንድ ዓይኗን ይዛ ከጉድጓዱ ወጣች፤ ከጭነት መኪና ሥር የረገፈ ጭቃ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ። ሾፌሮቹ «ዕንባ አላት ለካ» ብለው ሲሳለቁ እሱ ከመሰላሉ ወረደ፣ የሚጠጣውን ውሃ አመጣ፣ አገጯን በአንድ ጣቱ ቀና አድርጎ ዓይኗን አጠበላት።  እጁ የቀለም ሽታ ነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀለም ሽታ በነፋስ ሲመጣባት ልቧ ቀጥ ይላል።

ታክሲዋ ጉድጓዱ ላይ ቆመች። ወይዘሪት መዶሻ ባትሪዋን አብርታ ገባች፣ ቀና አለች፣ ደነገጠች።

የአሮጌ መኪና ሆድ ጭቃና ዘይት ነው። ይህች ግን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ታጥባ፣ ተፍቃ፣ በጥቁር ፀረ ዝገት ቀለም ተለቅልቃለች፤ ባትሪው ሲያርፍባት ታበራለች። ሌላ ሰው ቢያያት «እንዴት ያማረች ናት» ይል ነበር። ለመርማሪ ግን ከሥሯ አዲስ የተቀባች አሮጌ መኪና የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተደበቀ ነገር አለ። እሷ በዚህ ሥራ ስንቱን አይታለች። ቀለም የሚቀባ ሰው ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

ቀና ስትል ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ፊቱን አየችው። ጎንበስ ብሎ ያያታል፤ ፈገግ ብሏል። ጥሩ ነገር አድርጎ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ ነበር፤ እሷ ግን ልመና አድርጋ አነበበችው። «እባክሽ አሳልፊያት» የሚል መሰላት። 

አለቃዋ ከላይ መሪውንና ፍሬኑን ይሞክራል። እሷ ማንኳኳት ጀመረች። ከፊት በኩል ብረቱ ጮኸ። መሃል ላይም ጮኸ። እየተጠጋች ሄዳ ከኋላው ወንበር በታች፣ በግራ በኩል፣ ቀለሙ ወፈር ያለበት ቦታ ደረሰች። እጇ ቆመ።

እዚህች ቦታ ላይ ሳታንኳኳ ብታልፍ ማን ያውቅባታል? ሽማግሌው ቦሏቸውን ለጥፈው ይሄዳሉ፤ እሁድ ይመጣል፤ በሩ ይከፈታል። ፍቅሯን የሚያህል ነገር ለአንዲት የእጅ ስፋት ብረት ትለውጠው?  መዶሻውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ መታች።

ድምፅ የለም። ደግማ መታች። የመዶሻው ጫፍ ቀለሙን በስቶ ገባ፤ የዝገት ፍርፋሪ ጉንጯ ላይ ረገፈ። መዶሻውን ስታወጣው ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ቀረ።

ስትወጣ ባለታክሲው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቋታል።

«እሺ ልጄ» አሉ።

«ወድቃለች አባባ።» ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ከኋላ ወንበር ሥር ሻንሲዋ በስብሶ ተበስቷል። ሰው ጭና ከዚህ መውጣት የለባትም።»

ከተሰለፉት ሾፌሮች ወሬ የማያመልጠው አንዱ «ይኸው፣ አማቷንም አልማረች» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሽማግሌው ታክሲያቸውን ብቻ ያያሉ። እሷ እዚህ ላይ ዝም ብትል ጥሩ ነበር፤ ሥራዋን ሠርታለች። ግን ዓይኗ የቀቢው ጥፍሮች ላይ አረፈ። ጥፍሮቹ ሥር ያ ጥቁር ቀለም አለ።

«አንተ ነህ የቀባኸው?»

«እኔ ነኝ።» ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም።

«ምን እንዳለበት እያወቅህ?»

ያኔ ጠፋ።

«የበሰበሰ ብረት ቀብቶ ማምጣት ስሙ ማታለል ነው» አለች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ከሰው ሁሉ መርጠህ እኔን?»

ቀቢው አፉን ከፈተ። ሾፌሮቹን አየ፣ ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቁታል። አፉን መልሶ ዘጋ።

«ካልሽ ነው» አላት። ዞሮ ሄደ። ምን ዓይነት አስተያየት እንዳያት እስከ ማታ ድረስ ልትረዳው አልቻለችም፤ ንዴት ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር።

ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ባለታክሲው ብቻቸውን ተመለሱ። ታክሲዋን ጎትቶ የሚወስድ መኪና ይዘው መጥተዋል፤ ግን ወደ እሱ አልሄዱም። በቀጥታ ወደ እሷ መጡ።

«አሳዪኝ» አሉ።

«አባባ፣ ጉድጓዱ ያቆሽሽዎታል...»

«አሳዪኝ አልኩሽ።»

እጃቸውን ይዛ በደረጃው አወረደቻቸው። ባትሪውን አበራችላቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው ቀዳዳውን አዩና ጠቋሚ ጣታቸውን አስገቡበት። ጣታቸውን እዚያው እንዳደረጉ ብዙ ቆዩ።

«ማክሰኞ ዕለት አንዲት ነፍሰ ጡር ሆስፒታል አድርሻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ምጥ ይዟት ነበር። እዚህ ላይ ነው የተቀመጠችው።» ጣታቸውን አወጡ፤ ጫፉ ላይ የቀረውን ዝገት አዩት። «ይበየዳል?»

«ይበየዳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አጠገቡ ያለው ይበሳል። እሱም ይበየዳል። እንዲህ እያለች ትሄዳለች፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ እስክትቆረጥ።»

«ይህን የምትነግሪኝ እንደ መርማሪ ነው ወይስ እንደ ልጅ?»

 ልጅ ብለው የጠሯት ሰው ከዚህ ወዲያ የሚጠሯት እንደሆነ አታውቅም። «እንደ መርማሪ ከሆነ በይደው ያምጧት፣ አያታለሁ ነው የምለው። እንደ ልጅ ከሆነ ግን አይመለሱባት አባባ። እለምንዎታለሁ።»

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ደረጃውን መውጣት ጀምረው ቆሙ።

«መኪናዬን ጣልሻት፤ መውደቅ ነበረባት። ምንም አልልሽም። ልጄን ግን ምን አድርጎ ነው የጣልሽው?»

«ቀብቶ...»

«ትናንት ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ዋለ፤ ሥራውን ትቶ። ጭቃውን በጥፍሩ ነው የፋቀው። ‹ምን ሆነሃል፣ ምርመራ እንጂ ሠርግ አይደለም የምትሄደው› ብዬ ሳቅሁበት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እሷ እኮ ከሥሯ ልትገባ ነው አባዬ፤ ዓይኗ ላይ ምንም እንዳይረግፍባት ነው› አለኝ።»

መርማሪዋ የጉድጓዱን ግድግዳ ያዘች።

«ቀለም ቀቢ እኮ ነው ልጄ። ዝገት ሲያይ መቀባት ነው የሚያውቀው። የብረቱ ሆድ ባዶ መሆኑን በምን ይወቅ?» አሉ ሽማግሌው። «ጠዋት ያን ሁሉ ሾፌር ፊት ይህን ቢናገር እስኪሞት ድረስ መሳቂያ ያደርጉት ነበር። አንቺንም እንደዚያው።»

ወጥተው ሄዱ። እሷ ባትሪውን እንደያዘች እዚያው ቀረች። ጠዋት የረገፈባት ዝገት አሁንም ጉንጯ ላይ ነበር፤ ለመጥረግ እንኳ አፈረች።

በማግሥቱ ፈቃድ ወስዳ ቀቢው የሚሠራበትን ትምህርት ቤት አፈላልጋ አገኘችው። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ ወንበሮቹ ኮሪደሩ ላይ ተደራርበዋል። እሱ መሰላል ላይ ቆሞ ኮርኒሱን ይቀባል። ስትገባ በእግር ኮቴዋ አውቋታል፤ ጀርባው ተናገረ እንጂ እሱ አልዞረም።

«አባትህ ነገሩኝ» አለች።

ብሩሹ አላቆመም።

«አጥፍቻለሁ። ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ ከፈለግህ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሾፌሮቹን ሁሉ ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ልትያቸው? ዓይኗ እንዳይቆሽሽ ብሎ ነው ልትያቸው?» የመሳቅ ያህል ትንፋሽ ወጣው። «ተይው።»

«እሺ ቁጣህን ንገረኝ።»

አሁን ዞረ። ዓይኖቹ እንቅልፍ ያላዩ ነበሩ። «መኪናዋን በመጣልሽ አልተቆጣሁም። ትውደቅልኝ እያልኩ ስጸልይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልነግርሽ ግን ፈራሁ፤ ስለ እኔ ብለሽ እንዳትጥያት፣ ስለ እኔም ብለሽ እንዳታሳልፊያት። እንደ ልማድሽ እንድታያት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ብሩሹን ባልዲው ላይ አስቀመጠ። «አንድ ነገር ብቻ ነው ያቃተኝ። ብረቱ ላይ እንኳ ሳትፈርጂ መዶሻ አሳርፈሽበታል፤ ድምፁን ሰምተሻል። ባንዴ አላመንሽም፣ ደግመሽ መታሽው። እኔን ግን ሳታንኳኪኝ ነው የጣልሽኝ።»

 በሥራዋ ዘመን ሁሉ ስትኮራበት የኖረችው ትዕግሥቷ ለማታውቃቸው ሰዎች አሮጌ ብረት ሁሉ በቅቶ ለዚህ ሰው ሳይበቃ ቀርቷል። ይህን ማወቅ አመማት።

«ፈርቼ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሌላው ቢያታልለኝ ሥራዬ ነው፣ እለምደዋለሁ። አንተ ከሆንክ ግን የምገባበት የለኝም። ስለዚህ መስማት አልፈለግሁም፤ ቸኮልኩ። ስለምወድህ ነው የቸኮልኩት። ምክንያት አይሆንም፣ አውቃለሁ።»

 ኮርኒሱ ላይ ካለው ነጭ ቀለም አንዲት ጠብታ በሁለቱ መካከል ወረደች።

«አሁን ሂጂ» አላት፤ ድምፁ ከቃሉ ይልቅ ለስልሷል። «ያልደረቀ ቀለም ሰው ሲነካው አልወድም።»

ሄደች። ሂጂ ማለቱ ይሁን ቆዪ ማለቱ ሳይገባት፣ መንገድ ላይ እየደጋገመች ስታገላብጠው ዋለች።

እሁድ ደረሰ። ትምጣ ያላትም፣ ትቅር ያላትም የለም። ሦስት ጊዜ ልብሷን ቀያየረች፤ በመጨረሻ «ቢያባርሩኝም በራቸው ላይ ያባርሩኝ» ብላ ወጣች።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ታክሲዋ ትቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፤ መሬቱ ላይ የዘይት ክብ ብቻ ቀርቷል። ከግድግዳው ሥር ግን የታክሲዋ የኋላ ወንበር ተነቅሎ፣ በጡብ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሽማግሌው ከወንበሩ ፊት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ዱካ ላይ ሆነው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ሸጧት?» አለች ከሰላምታ በፊት፤ ከአፏ አምልጧት።

«ሊገዟት መጥተው ነበር» አሉ። «‹በይደን፣ ቀብተን ታክሲ እናደርጋታለን› አሉኝ። እኔ ደግሞ ያቺን ነፍሰ ጡር አሰብኳት። ‹ለሰው የማይሆን ነገር ለሰው አልሸጥም› አልኩና ለቁርጥራጭ ብረት ሰጠኋት። ሲቆርጧት ቆሜ አየሁ።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ለጊዜው የሰው መኪና እነዳለሁ። ያቺ የኔ መኪና ስታበቃ እኔ ያበቃሁ መስሎኝ ነበር የፈራሁት። አላበቃሁም ለካ። ቁጭ በይ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ።»

ተቀመጠች። በግራ በኩል፣ ሰውነቷ ሳያስብ የመረጠው ቦታ ነበር። የወንበሩ ስፕሪንግ ሲጥጥ አለ። ሽማግሌውም ወደ ቤት ውስጥ ሳይጣሩ፣ ወደ እሷም ሳይዞሩ ሬዲዮኑን ቀነሱ።

ቀቢው ወጣ። እጁን ታጥቧል፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ግን አልለቀቀም። አያት። እሷም አየችው፤ የትኛውንም እይታ ደግማ በስህተት ላለማንበብ ፈርታ ዓይኖቿን ሰበረች። እየሄደ መጥቶ ከወንበሩ በሌላኛው ጫፍ ተቀመጠ። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀረ።

  መነሳት እንዳለባት አሰበች፤ ግን አልተነሳችም። መጠየቅ ፈለገች፤ በዚህ ጊዜ ግን ሳትቸኩል። እጇን ዘረጋችና በመካከላቸው ያለውን የወንበሩን የጠርዝ ብረት በጣቷ መገጣጠሚያ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ አንኳኳች። ከዚያ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ሥራዋ፣ ጠበቀች።

ሽማግሌው ጀርባቸውን እንደሰጧቸው፣ ያረጀ ልማድ ሆኖባቸው፣ የኋላ ማያ መስታወቱ ይኖርበት ወደነበረው ባዶ አየር ቀና አሉ።

«ወዴት ነው?» አሉ።

 ያ የቀለም ሽታ ያለው የቀቢው እጅ በወንበሩ ላይ ተንቀሳቅሶ እሷ ያንኳኳችበት ቦታ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ጣቶቿ ላይ አረፈ።

«ዝም ብለህ ንዳ አባዬ» አለ። «መውረጃችንን እንነግርሃለን።»

እሷ «መውረጃችን» የምትለዋን ቃል ሰማች። ደግማ ልትሰማት ፈለገች፤ ግን አልጠየቀችም። ዓይኗን ዕንባ ሞላው፤ በዚህ ጊዜ ጭቃ አልገባበትም፣ ማንም እንዲያጥብላት አልፈለገችም።